ባቡሩ የጠጣው ቅቤ

አንኮበር፣ ጥቅምት 9 ቀን 1880 ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለይሁኔ፣ ባሕር ማዶ፣ ዓደን። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ክረምቱን ያወጣን አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ጉሙ ዘንድሮ ከመስቀል ወዲያም አልተነሣም፤ የታጠበ ልብስ አልደርቅ አለ እንጂ ሌላ ክፉ የለም። አባቴ መሪጌታ በልጅነቴ ዳዊት ባያስደግሙኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ለደብተራ እየነገርኩ ላስጽፍ ነበር። ደብተራ ደግሞ የሰው ጉዳይ በሆዱ አያድርም።

የምጽፍልህ ስለ ባቡሩ ነው። ባላምባራስ ዘርአ ዳዊት ከባሕር ማዶ ያስመጡት፣ በእሳትና በእንፋሎት የሚዞር የእህል መፍጫ ባቡር፣ እስከ አሊዩ አምባ በግመል፣ ከዚያ ዳገቱን በሰው ትከሻ ወጥቶ አይራራ ወንዝ ዳር ተተከለ። የተከለው ፈረንጅ ገና ሲመጣ የቆላ ንዳድ ይዞት ነበርና ብዙም ሳይቆይ ወደ አገሩ ተመለሰ። ባቡሩን የሚያዞር ሰው ቢፈለግ ብረት የሚያውቅ ባለቤቴ ገብረጻድቅ ሆኖ ተገኘ። ባለ እጅ አገባች ብለው ዘመዶቼ ሁሉ ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ ሠርጌ ላይ የቆምክልኝ አንተ ብቻ ነበርክ። ይኸው ያ ባለ እጅ የባላምባራስ ባቡር ሹም ሆነልህ፤ ያኔ ጠጅህን በከንቱ አልጠጣህም።

ነገር ግን ባቡሩ ይጠጣል። ፈረንጁ የተወው ዘይት ካለቀ ወዲህ ባላምባራስ ከግምጃ ቤታቸው ንጥር ቅቤ ያሰጡታል፤ ቅቤውም እንደ ገባ ይጠፋል። እንግዳ የመጣ ቀንማ ባላምባራስ ራሳቸው በር ላይ ቆመው «አስጋልበው!» ይሉታል። «ከፈረሴ ይፈጥናል» እያሉ ያሳያሉ። ያን ቀን የሚሄደው ቅቤ ለሠርግ ይበቃል። የግምጃ ቤቱ ጠባቂ ቅሉን ሲሰጠው ዓይን ዓይኑን ያየዋል። አንተ በመርከብ ሆድ ውስጥ ብረት ዘይት ስትቀባ የምትውል ሰው ነህና፣ ይህ ነገር የባቡር ጠባይ ነው ወይስ የገብረጻድቅ አለማወቅ? ምከረን። መርፌም ላክልኝ፤ የዓደን መርፌ አይዝግም ይላሉ።

ያሳደገህ ጀርባዬ ሰላም ይልሃል።
እናናየሁ


ዓደን፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1880 ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለእትዬ እናናየሁ። ከዚህ ድንጋይ ከሚያቃጥል አገር ለአንቺም ለገብረጻድቅም ብርዳችሁን እየተመኘሁ ሰላምታዬን ልኬአለሁ። ጤናዬ ደኅና ነው። ከመክሳቴ በቀር የተለወጠ ነገር የለም፤ እሱም ከላብ ነው።

ገብረጻድቅን አይዞህ በይልኝ። መጠጣትስ ይጠጣል! የእኛ የመርከብ ባቡር የሚጠጣውን ብታዪ በአንቺ ቤት ያለው ጾመኛ ነው። ዘይቱ ግማሹ ከሙቀቱ ጋር ይተናል፣ ግማሹ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ቀስ ብሎ ሲዞር በልክ ይጠጣል፤ ሲጋለብ እጥፉን። ቅቤ እንዳይባክን ግልቢያው መቅረት አለበት። ይህን ለባላምባራስ እንዴት እንደምትነግሩ እኔ አላውቅም፤ እሱ የእናንተ ብልሃት ነው።

አሁን ዋናውን ስሚ፣ ቃል በቃልም ንገሪው። በአሮጌ ላይ አዲስ መጨመር ዘይት ማጠጣት አይደለም። አሮጌው ከሥር ተከፍቶ ይፍሰስ፣ ዘይቱ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ በጨርቅ ይጠረግ፣ ከዚያ አዲሱ ይግባ። መቼ ይለወጥ ካለ፣ በቀን ቀጠሮ አይሆንም። የብረት ፍቅፋቂና አሸዋ ሲገባበት ነው። ይህን ደግሞ ዓይን አያየውም፣ ጣትም አይነግረውም፤ የሚነግረው ምላስ ነው። ዋናው መሐንዲሳችን ያስተማረኝ እንዲህ ነው፤ ጠዋት ባቡሩ ሳይነሣ ጠብታ በምላስ ጫፍ ማድረግ፣ በፊት ጥርስ ማኘክ፣ ከዚያ መትፋት። ጥርስ ላይ ከተንቋቋ ያለቀለት ነው። እኔ ሳልቀምስ ባቡር አስነሥቼ አላውቅም፤ እሱም እንዳያስነሣ።

መርፌውን በዚህ ወረቀት ውስጥ ሰክቼዋለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሐጂ በሽር የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ሲመለስ የገብስ በሶ ብትልኪልኝ ከዚህ ሩዝ ታድኚኛለሽ።

ወንድምሽ ይሁኔ


አንኮበር፣ ግንቦት 6 ቀን 1880 ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለይሁኔ። ሰላም ለአንተ ይሁን። መርፌው ደርሶኛል።

ያልከውን አደረገ። ደብዳቤህ የደረሰው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነበር። ገብረጻድቅ የነገርከውን ቃል በቃል አስደገመኝ፣ ከዚያ ጠዋት ጠዋት እየወረደ አሮጌውን ቅቤ በምላሱ ጫፍ ቀምሶ ይተፋ ጀመር። ባቡሩ ድምፁ ተለወጠ፤ ይጮህ የነበረው ዝም አለ። ደስ ብሎት እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

በጾሙ አጋማሽ ከደብረ ብርሃን እንግዶች መጡ፣ ባላምባራስም ሦስት ቀን አስጋለቡት። የቅቤው ጋን ባዶ ሆነ። ጠባቂው «በሁዳዴ ቅቤ ተበላ» ብሎ ጮኸ። ከገረዶቹ አንዲቱ ደግሞ ባለ እጁን ጠዋት ጠዋት ጣቱን ወደ አፉ ሲያገባ አየሁት አለች። አየችው፤ አልዋሸችም።

የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት የባላምባራስን ቤተ ሰው በሙሉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሰብስበው አስማሉ። «በዚህ ጾም ቅቤ በአፌ አልዞረም፤ ዞሮ ቢሆን ስሜ ከሕይወት መጽሐፍ ይፋቅ።» ጠባቂው ማለ። ገረዶቹ ማሉ። የፈረስ ባልደራሱም ማለ። የገብረጻድቅ ተራ ሲደርስ እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ነበር። ምን እንደሚል ሳይናገር አወቅሁ።

«በአፌ ዞሯል» አለ። «አሸዋ ይኑርበት እንደሆን ልፈትን ቀምሼዋለሁ። አልዋጥኩትም፤ ተፍቼዋለሁ።»

ሰው ሳቀ። አንዱ ከኋላ «ቅቤ ላይ ደግሞ የምን አሸዋ አለ?» አለ፣ እንደገና ሳቁ። ደብዳቤህን አውጥቼ ሰጠሁ። አባ ወልደ ሰንበት አነበቡትና የዘመድ ምስክርነት አይቆጠርም አሉ። ባላምባራስም ግልቢያ የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

ተገዘተ። ሹመቱም ለጠባቂው እኅት ልጅ ተሰጠ። ከእኛ ቤት እሳት የሚጭር የለም፤ መንገድ ላይ ሰላምታ የሚሰጥ የለም። ፋሲካን ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ አስቀደሰ። ያዘኑልኝ ሰዎች ተሸሽገው እየመጡ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይሉኛል። እያደር ማለት መቼ ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እሱንም ለምን አልዋሸህም አላልኩትም። እንደማይዋሽ አውቄ ነው ያገባሁት።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። የመርከብህ መሐንዲስ ዘመዳችን አይደለም። ባቡር ዘይት እንደሚጠጣ፣ ዘይትም በምላስ እንደሚፈተን በእጁ ጽፎ ማኅተሙን ያድርግበት። ለአባ ወልደ ሰንበት ብለህ ላክልኝ። ቶሎ ላክልኝ። በሶውን አሁን የሚፈጭልኝ የለም።

እናናየሁ


ዓደን፣ ሐምሌ 20 ቀን 1880 ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለእትዬ እናናየሁ። ሰላምታዬ ብዙ ነው፣ ከአንቺ ግን ደብዳቤ ካየሁ ቆየሁ። ዘይላ ወደብ ላይ በሽታ ገብቶ ነጋዴው ሁሉ እዚያው ታግዷል ይላሉ። በሶዬም እዚያው ከነጋዴው ጋር ታስሮ ይሆናል።

ለገብረጻድቅ የሚሆን ትልቅ ነገር አግኝቻለሁ። በቅርቡ አንድ የህንድ መርከብ ላይ ተዛውሬ ነበር፤ እዚያ ባቡሩን የሚያጠጡት በጉሎ ዘይት ነው። እኛ ምጣድ የምናሰስበትን፣ ቆዳ የምናለፋበትን ጉሎ! ከቅቤ ይወፍራል፣ ሙቀት አያሸሸውም፣ ብረት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አሊዩ አምባ ቆላው ሁሉ ጉሎ ነው፤ ሐጂ በሽር በአህያ ጭኖ ያመጣላችኋል። የጾምም ነው፤ ባላምባራስም ለባቡሩ ከሚሰጡት ቅቤ ይገላገላሉ። ሲለውጥ ግን ቅቤው ጨርሶ ይውጣ፤ ሁለቱ ተደባልቀው እንዳይረጉበት።

መቅመሱን እንዳይተው በይው። ጉሎ ጣዕሙ ክፉ ነው፤ ፊቱን ሲያጨማድድ እየታየኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ለመሆኑ እሱስ እንዴት ነው?

ይሁኔ


አንኮበር፣ ጥቅምት 2 ቀን 1881 ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለይሁኔ። የሐምሌ ደብዳቤህ ደረሰ። የግንቦቱ ደብዳቤዬ እንዳልደረሰህ ከእሱ ተረዳሁ።

የጉሎውን ነገር አነበብኩት። መልካም ምክር ነው።

ከፋሲካ ወዲህ ገብረጻድቅ ቅባት የነካው ነገር አልበላም ብሎ ነበር። ጠዋት ቆሎ፣ ማታ ቆሎና ውሃ። በዓሉ አልፏል ብዬ ብነግረው፣ «ለእኔ አልተፈታልኝም» አለኝ። ባቡሩ ከወንዙ ዳር ሲጮህ ይሰማው ነበርና «ሳይለውጡለት ነው የሚያስነሡት» ይል ነበር። ክረምቱ ብርቱ ነበር። ሐጂ በሽር ገበያ በወጣ ቁጥር ወደ እኛ ይመጣ ነበር። «ግዝቱ የእናንተ ነው፣ እኔን አይከለክለኝም» ይልና አብሮን ይቀመጥ ነበር። በነሐሴም መጥቶ ነበር፣ ከልጆቹ ጋር። ቆፈሩልኝ።

ገብረጻድቅ እንዴት ነው ብለህ ጠይቀኸኛል። አገርህን የረሳህ አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለ መልስ በወረቀት አይጻፍም። ሐጂ በሽር ወደ አንተ ይመጣል፤ እሱ ይነግርሃል።

መርፌም ሌላም አትላክልኝ። የግንቦቱ ደብዳቤዬ ከደረሰህ፣ በእሱ የለመንኩህን ወረቀት ብቻ።

እናናየሁ


ዓደን፣ ጥር 3 ቀን 1881 ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለእትዬ እናናየሁ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ሐጂ በሽር ጎህ ሲቀድ ሰው ልኮ አስጠራኝ። ካረፈበት ቤት ስገባ እዚህ ያለነው የአገራችን ሰዎች በሙሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ማንም ደኅና አደርክ አላለኝም። ያን ጊዜ አወቅሁ፤ የማን እንደሆነ ብቻ ነበር ያላወቅሁት። ሐጂ እጄን ይዞ «የአላህ ውሳኔ ነው፤ ገብረጻድቅ በፍልሰታ ዐረፈ» አለኝ። ከቅጥሩ ውጭ እንደ ተቀበረም ነገረኝ። ለምን ብዬ ጠየቅሁት፤ እሱም የሚያውቀውን ነገረኝ። ቅቤ፣ መሐላ፣ ግዝት። መቅመሱን ግን አላወቀም ነበር።

እሱን ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የግንቦቱ ደብዳቤሽ ዘይላ ላይ ከሞተ ነጋዴ ሻንጣ ወጥቶ መጣልኝ። መርከቡ ውስጥ፣ ባቡሩ አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩት። ቅቤ መሆኑን አንቺው ጽፈሽልኝ ነበር። ሁዳዴ እንደሚመጣም አውቃለሁ። ሁለቱን ግን አንድ ላይ አላሰብኳቸውም። እዚህ ጾም የሚያስታውሰኝ የለምና ረስቼ ነበር። ቅመስ ያልኩት እኔ ነኝ። በሐምሌም ደግሜ ብያለሁ። አላለቀስሁም፤ አሁንም አልቻልኩም። ሥራዬን እሠራለሁ።

ወረቀቱን ልኬዋለሁ። መሐንዲሱ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ነገሩን ሲሰማ ቆቡን አውልቆ ተቀመጠና ጻፈ፤ የመርከቡም ማኅተም አለበት። እኔ በአማርኛ ከሥሩ ገልብጬዋለሁ። መሐንዲሱ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «ከባቡሩ ሥር የዘይት መቀበያ ገበታ ተደርጎ ነበር?» አለኝ። ስለ ገበታ የነገረኝ የለም አልኩት። «እንግዲያማ ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ከሥሩ ያለውን መሬት ይቆፍሩት፤ ቅቤው እዚያ ነው» አለ። ይህንንም ጽፎበታል።

ለአባ ወልደ ሰንበት አድርሺው። ለገብረጻድቅ ዘገየ።

ይሁኔ


አንኮበር፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1881 ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለይሁኔ። ሰላም ላንተ ይሁን። ወረቀቱ በመጋቢት፣ ጾሙ ሳይጋመስ ደረሰ።

ባቡሩ ያን ጊዜ ቆሞ ነበር። የጠባቂው እኅት ልጅ በአሮጌው ላይ አዲስ ሲጨምር ከርሞ፣ በየካቲት አንድ ቀን ሲያስጋልቡት ብረቱ ከብረት ጋር ተጣብቆ ቀረ። እኔ ወረቀቱን ለአባ ወልደ ሰንበት ሰጥቼ ወደ ቤቴ ልመለስ ስል «ቆይ» አሉኝ። ይዘውኝ ወደ ባላምባራስ ሄዱ። ባላምባራስ ሰምተው «የቆመውን ባቡር መቼም ማንሣታችን አይቀርም፤ ቆፍሩና ይህች ሴት ትረፍ» አሉ።

ባቡሩን በግንድ እያንከባለሉ ወደ ጎን አወጡት። የተነጠፈውን ድንጋይ ሲያነሡ ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁር ነበር፤ ዶማውን ያዳልጠዋል። እየቆፈሩ ወረዱ፣ ወገባቸው ድረስ ገቡ፣ አፈሩ አሁንም ያው ነው። ጠባቂው «ፈረንጁ የተወው ዘይት ይሆናል» አለ። ባላምባራስ ጭቃ ነው አሉ። ሰውም ግማሹ ዘይት፣ ግማሹ ጭቃ ይል ጀመር።

አባ ወልደ ሰንበት ጎንበስ አሉና ከጉድጓዱ አፍ በጣታቸው ቆነጠሩ። አሸተቱት። በሁለት ጣቶቻቸው አሹት፣ ለብርሃን አሳዩት፣ እንደገና አሸተቱት። አላወቁትም። ከዚያ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ በምላሳቸው ጫፍ ነኩት። በፊት ጥርሳቸው ሲያኝኩት ከቆምኩበት ተሰማኝ። ዞር ብለው ተፉ።

«ቅቤ ነው» አሉ። «አሸዋ አለበት።»

ቀና ሲሉ ሁላችንም እያየናቸው ነበር፣ ሁዳዴም ነበር። እጃቸው ላይ የቀረውን አዩት፣ በነጠላቸው ጠረጉት። «አልዋጥኩትም» አሉ።

ማንም አልሳቀም።

ግዝቱን እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ፈቱ። በማግሥቱ ራሳቸው ፍትሐት እየደገሙ አጽሙን ወደ ቅጥር ግቢው አስገቡት፤ ዶማውን የያዙት በመሐላው ቀን የሳቁት ናቸው። አሁን እሳት ሊጭሩ ይመጣሉ። ደስ አይልሽም ወይ ይሉኛል። እሳቱን እሰጣቸዋለሁ። ደስታም ንዴትም ቢፈለግ ከእኔ ቤት አይገኝም፤ ሲመጣ እጽፍልሃለሁ።

ባላምባራስ «ይሁኔ መጥቶ ባቡሬን ያንሣልኝ፣ የገብረጻድቅን ሹመት እሰጠዋለሁ ብለሽ ጻፊለት» ብለውኛል። ጻፍኩልህ። ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም። ቅመስ ያልኩት እኔ ነኝ ብለሃል። አልክ፤ እሱም ቀመሰ። ተፋውም። ሳይዋሽ ተናገረ። ከዚህ ውስጥ ያንተን ክፋት ፈልጌ አጣሁት፤ እንግዲህ አትፈልገው።

ከሐጂ በሽር ጋር በሶ ልኬልሃለሁ፤ ገብሱን ጎረቤቶቼ ናቸው የፈጩልኝ። በውሃና በጨው ብቻ በጥብጠህ ጠጣው። ቅቤ አልለወስኩበትም፤ ቤቴ ውስጥ የለም።

እናናየሁ